አባ ቢሻኒ

«ከአምቦ ነኝ» ስል የሰው ሁሉ መልስ አንድ ነው፤ «የውሃው አገር!» ምግብ ቤት ገብቶ «አንድ አምቦ» ብሎ የሚያዝ ሰው የከተማዬን ስም መጥራቱን ልብ አይልም። ውሃችን ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ አገር ምድሩን ስላዳረሰ፣ ጋዝ ያለው ውሃ ሁሉ ከየትም ይምጣ «አምቦ ውሃ» ተብሎ ቀርቷል። ጎረቤታችን ጉደር እንኳ ስሟን ለቀይ ወይን ሰጥታለች። እኔ ግን አገሬ ሲነሳ አፌ ላይ የሚመጣው ጣዕም የጠርሙሱ አይደለም። የቦኖው ውሃ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ትንሽ በረኪና በረኪና የሚለው፣ ልጆች ሆነን አፍንጫችንን ይዘን የምንጠጣው።

ያ ሽታ የአንድ ሰው ሥራ ነበር።

ሰፈሩ «አባ ቢሻኒ» ይላቸዋል። ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ ነው፤ አባ ቢሻኒ የውሃ አባት እንደ ማለት። የመዝገብ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። በሕይወት ሳሉ ሰው ፊት ወጥተው መቆም አይወዱም ነበር፤ ልጆቻቸውም በዚህ እሳቸውን ወጥተዋል። እኛ ቤት «ጋሼ» ናቸው፤ አጥር የሚለየን ጎረቤታችን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝናብም ሆነ ፀሐይ አንድ ካኪ ኮት የማይለያቸው። በኮቱ አንድ ኪስ ደብተርና እርሳስ፣ በሌላው ኪስ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ የመስታወት ቱቦ አለ። ቱቦውን ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር፤ እኔም ብሆን እጄን ታጥቤ ነው።

«አባ» የሚለው ቃል በኦሮሞ ዘንድ ዝም ብሎ አይሰጥም። በቦረና፣ በዘጠኙ የቱላ ጉድጓዶች፣ «አባ ሄሬጋ» የሚባል ሰው አለ፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚደለድል። አምቦ ከቦረና ሩቅ ነው፤ ወንዝ የሞላበት አገር ስለሆነም ለከብት ተራ የሚያስይዝ ሰው አላስፈለገውም። ቢሆንም የሰፈራችን ሽማግሌዎች ለአንድ የመንግሥት ደመወዝተኛ «አባ» የሚል ስም ሲያወጡለት የአደራ ስም መስጠታቸው እንደነበር ዛሬ ይገባኛል።

ጋሼ የተማሩት ጎንደር ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው በደንቢያ የተነሳ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ ነበር። በአገሪቱ ሐኪም በጣም ጥቂት ስለነበር ኮሌጁ ለየጤና ጣቢያው በአንድ ቡድን የሚመደቡ ሰዎችን ያሠለጥን ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ጤና መኮንኑ ያክማል። ነርሷ ታዋልዳለች፣ ሕፃናት ትመዝናለች። ሁለቱንም ሕዝቡ ወዲያው ለመዳቸው፤ እንቁላልና ዶሮ ይዞላቸው ይመጣል። ሳኒታሪያኑን ግን ምን ብሎ እንደሚያመሰግነው ማንም አያውቅም። ሽንት ቤት ቆፍሩ ይላል፣ ምንጭ አጥሩ ይላል፣ ሥጋ ቤት ገብቶ ዝንቡን ያያል። መርፌ አይወጋ፣ ኪኒን አይሰጥ። ጋሼን አንዳንዱ ከኋላቸው «የሽንት ቤት ሐኪም» ይላቸው ነበር፤ ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

ሲውል ሲያድር የከተማው ውሃም በእሳቸው እጅ ገባ። ሌላ የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ከሁሉቃ ወንዝ ተጠልፎ የሚመጣው ውሃ መጀመሪያ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ይተኛል። አሉም የሚባል ነጭ ዱቄት ሲጨመርበት ጭቃው እርስ በርሱ እየተያያዘ ይከብድና ወደ ታች ይዘቅጣል። ቀጥሎ ውሃው በአሸዋ ውስጥ ያልፋል። ክሎሪን የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ገብቶም ሰው ከመጠጣቱ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከውሃው ጋር መቆየት አለበት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በአሥር ዓመቴ ነው፤ ከጋሼ ኋላ ኋላ ስል።

ሰፈራችን ያለው ቦኖ የመስመሩ መጨረሻ ነበር። ጋሼ በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሚለኩት እዚያ ነው፣ ገንዳው አጠገብ ሳይሆን። ገንዳው አጠገብ ክሎሪን መኖሩ ምንም አይነግርም ይላሉ፤ ውሃው ሰው ቤት እስኪደርስ ስንት የዛገ ቧንቧ ያልፋል፣ መለካት ያለበት የመጨረሻዋ ሴትዮ እንስራ ላይ ነው። ቱቦውን ይሞሉና ከትንሽ ብልቃጥ ጥቂት ጠብታ ይጨምሩበታል። ብልቃጡ ላይ ያለው ስም ኦርቶቶሊዲን ነው፤ አጥርቼ ለመጥራት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ጎህ ሲቀድ ቱቦውን ወደ ሰማይ ያነሱታል። ውሃው ቀስ እያለ ቢጫ ይሆናል፤ እንደ አዲስ ገለባ ያለ ፈዛዛ ቢጫ። ከመለኪያው ቢጫ መስታወቶች ጋር ያስተያዩና ደብተራቸው ላይ «0.3» ብለው ይጽፋሉ።

«ቀለሙን አየኸው?» አሉኝ አንድ ቀን። «ይህች ከውጊያ የተረፈችው ናት። ከወታደሩ ውስጥ ተርፎ የቆመ ካለ፣ ጠላት አልቋል ማለት ነው። ቢጫ ካጣሁ ግን ወታደሩ ሁሉ አልቋል፤ ጠላቱ ይኑር አይኑር አላውቅም።»

ስለ ቀሪ ክሎሪን ብዙ መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ያ ጠብታ ራሱ ለሚለካው ሰው ጤና አደገኛ መሆኑ ታውቆ ዛሬ ቀርቷል፤ አሁን ውሃውን ሮዝ የሚያደርግ ሌላ ኪኒን ነው የሚጠቀሙት። ጋሼ ያንን ብልቃጥ በባዶ እጃቸው ስንት ዓመት እንደያዙት ሳስብ ሆዴ ይባባል።

በጋ ሲሆን ከከተማ ይወጣሉ። ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ጥቁር እንጪኒ፤ መኪና ሲገኝ በመኪና፣ ካልተገኘ በበቅሎ። አንድ ጊዜ ትምህርት ሲዘጋ አባዬን አስፈቅደው ወደ ወንጪ በሚወስደው ዳገት ላይ ወዳለች መንደር ይዘውኝ ሄዱ። የመንደሯ ምንጭ ከገደል ሥር ትፈልቃለች። ከብቱ ገብቶ ይረግጣታል፤ ሴቶቹ ደግሞ እበቱን በእጃቸው ገለል እያደረጉ በቅል ይቀዳሉ።

ጋሼ መጀመሪያ ያሠሩት የከብት ገንዳ ነው፣ ወደ ታች ራቅ ብሎ። ስለ ሰው ውሃ መጥተን ለምን ከብቱ ቀደመ ብዬ ጠየቅኋቸው። «አጥሩን ብናስቀድም ነገ ያፈርሰዋል» አሉ። «የተጠማ በሬ ሕግ አያውቅም። የራሱ ካለው ግን የሰውን አይነካም።» ከዚያ ዓይነ ውሃው እስኪገኝ ወደ ውስጥ ተቆፈረ። ድንጋይ ተደረደረ፣ ጠጠር ተነሰነሰ፣ ከላይ በሸክላ አፈር ተደፈነ፣ ከፊቱ በሲሚንቶ ሣጥን ተሠርቶ አንድ ቧንቧ ወጣለት። ከበላይ በኩል ጎርፍ የሚመልስ ቦይ ተቆፈረ። በመጨረሻ ጋሼ ከምንጩ ተነስተው ሽቅብ እየተራመዱ 30 ሜትር ቆጠሩና ችካል ተከሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት አይቆፈርም።

አንድ አዛውንት ከምርኩዛቸው ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና «ውሃ የዋቃ ነው፤ አንተ ማን ሆነህ ታጥረዋለህ?» አሉ በኦሮምኛ። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሱ። «እውነትዎን ነው አባቴ። ዋቃ የሰጠው ሳይረገጥ እርስዎ ዘንድ እንዲደርስ ነው» ብለው መለሱ። ከአዲሱ ቧንቧ መጀመሪያ የጠጡት እኒያ አዛውንት ናቸው። በመዳፋቸው ጠጥተው፣ የቀረችውን ጠብታ ግንባራቸው ላይ ቀቧት።

ጋሼ ውሃን ለምን እንደዚያ እንደሚፈሩት የገባኝ ቆይቼ ነው። በ1963 ዓ.ም. ኮሌራ አገራችን ሲገባ ገና ወጣት ነበሩና ወደ ሌላ አውራጃ ተልከው ነበር። ስለዚያ ጊዜ አያወሩም። አንድ ማታ ብቻ፣ አባዬ ጋር ቡና ላይ ተቀምጠው፣ «ጠዋት ደህና ዋሉ ያልኩት ቤት ማታ ስመለስ የሚመልስልኝ አጣሁ» ሲሉ ሰምቻለሁ። አባዬ ምንም አላለም። ስኒውን ብቻ ቀዳላቸው።

አሁን ወደ 1970 ዓ.ም. ጳጉሜ ልምጣ።

ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነውና የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ራቁቱን ወጥቶ ተጠመቀ፤ እኔም ከነሱ ጋር። ዝናቡ ግን እኛ ከጠገብንም በኋላ አላባራም። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አደረ። በማግሥቱ ሁሉቃ ቀይ ሆኖ፣ ግንድና የጎጆ ክዳን እየተሸከመ ይወርድ ነበር። ከወንዙ ዳር የነበሩ ሽንት ቤቶች ተጠራርገው ሄደዋል።

ወደ ገንዳው ስሮጥ ጋሼ በትንሿ የሥራ ክፍል መስኮት ላይ አምስት የሻይ ብርጭቆ ደርድረው አገኘኋቸው። በአምስቱም ቀዩ ውሃ አለ። በየብርጭቆው አሉሙን መጠኑን እየለያዩ ጨምረዋል፤ አንድ ቁንጥር፣ ሁለት፣ ሦስት። አማስለው ትተውታል። ሌላ ቀን ቢሆን ከአምስቱ አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አናቱ ላይ ይጠራል፤ ለገንዳውም የሚጨመረው በዚያ ልክ ይሰፈራል። ያን ጠዋት ግማሽ ሰዓት ቆመን ጠበቅን። አምስቱም ቀይ እንደሆኑ ቀሩ።

«ክሎሪኑን ብናበዛውስ?» አልኳቸው።

«ጭቃው ይበላዋል። ተባዩ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ተደብቆ ያልፋል፤ ክሎሪኑ አይደርስበትም። ለሕዝቡ በረኪና የሚሸት መርዝ መስጠት ነው። ሽታውን አምኖ ይጠጣል።»

ከዚያ ተነስተው ዋናውን ቫልቭ ዘጉት። ዘግተው ግን አልተዉትም። በመፍቻ ፈትተው የቫልቩን የብረት መሪ ነቀሉና ከካኪ ኮታቸው ሥር ያዙት።

የዘመን መለወጫ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጠላው ተጠንስሷል፣ ዶሮ ተገዝቷል፤ ዶሮ ደግሞ ስንት ውሃ እንደሚፈጅ የምታውቅ ታውቃለች። ቦኖው ላይ ሴቶቹ እንስራቸውን ደርድረው ቆሙ። ከቧንቧው የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ሌላ ቀን አጥተው ነው?» ስትል ሰማኋት። ጋሼ ቤት ለቤት እየዞሩ የቆርቆሮ ውሃ አጠራቅሙ፣ የመጀመሪያውን ጣሪያ ያጠበውን ድፉት፣ ሌላውን ፈልቶ እስኪንተከተክ ጥዳችሁ አፍሉት ይላሉ። ሰው በር ይዘጋባቸዋል። አንድ ቤት ውሻ ተለቀቀባቸው።

መስከረም 2 ደግሞ የአብዮት በዓል ነው። ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ድንኳን ተተክሏል፣ መንገዱ በባንዲራ አጊጧል። ጳጉሜ 5 ከሰዓት በኋላ አንድ የበላይ ሰው ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ወደ ሥራ ክፍሏ መጣ። እኔ ጥግ ላይ የአሉም ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰውየው አላየኝም፤ ወይም ልጅ ስለሆንኩ አልቆጠረኝም።

«ውሃውን ክፈት።»

«ጓድ፣ ውሃው አልጠራም።»

«ሕዝቡ እየጮኸ ነው።»

«አዎ፣ ይጮሃል። መጮህ የሚችለው ስላልታመመ ነው።»

«ትእዛዝ ነው አልኩህ!»

ጋሼ ደብተሩን ከኪሳቸው አወጡ። ገጹን ገልጠው እርሳሱን ከደብተሩ ጋር ሰጡት። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። «ደፍርሶ ሳለ ክፈት ብያለሁ ብለው ይጻፉልኝ፤ ስምዎንና ሰዓቱን። ከዚያ እከፍታለሁ።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መልስ የሰጠ ሰው ወደ ቤቱ ላይመለስ እንደሚችል እኔ ልጁም አውቅ ነበር። የታላቅ ወንድሜ ጓደኞች የት እንደገቡ አልታወቀም። ሰውየው እርሳሱን ይዞ ትንሽ ቆመ። ብርጭቆዎቹን አየ። ከዚያ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ «ከበዓሉ በኋላ እንተያያለን» ብሎ ወጣ።

ጋሼ ያን ሌሊት እዚያው አደሩ። የቫልቩን መሪ ተንተርሰው።

እንቁጣጣሽ ጠዋት እማዬ ባፈላችው የዝናብ ውሃ ያቦካችውን ድፎ ዳቦ ቆርሳ በሰፌድ አደረገችና ጠራችኝ። «ውሰድላቸው። ተናድጃለሁ በላቸው፤ ዳቦውን ግን ይብሉ።» እኔም ማታውን በእርሳስ የሣልኩትን የአበባ ሥዕል ከዳቦው ላይ አደረግሁ። ጋሼ ጢማቸው አድጓል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። የእማዬን መልእክት እንዳለ ነገርኳቸው። ከሩፋኤል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሥዕሉን ብርጭቆዎቹ አጠገብ መስኮቱ ላይ አቆሙት።

የአብዮት በዓሉ ያለ ቧንቧ ውሃ ተከበረ። በዚያ ሳምንት ወንዙን ቀድተው የጠጡ ሰዎች ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሣሩ ላይ ተኝተው አይቻለሁ፤ ከቦኖው ሰፈር ግን አንድም አልነበረም። ይህን ቆጥሮ ለጋሼ የነገራቸው ሰው አላውቅም። የአንድ ወር ደመወዛቸው መቀጣቱን ግን እናቴ ከባለቤታቸው ሰምታ ነገረችን። ከዚያ በኋላም ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የእግራቸው ኮቴ በአጥራችን ሥር አንድ ቀን አልጎደለም፤ ጡረታ እስኪወጡ።

እኔ አዲስ አበባ ገባሁ፣ እዚያው ቀረሁ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባን ሲያስጨንቅ የቤቴ ቧንቧ በረኪና በረኪና ማለት ጀመረ። ልጄ ብርጭቆውን ገፍታ «ይሸታል» አለች። እኔ ግን ተቀብያት አንድ ትንፋሽ ሳልወስድ ጨለጥኩት፤ የሆነ ቦታ አንድ ሰው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስቷል ማለት ነው። ዓይኔ ለምን እንደረጠበ ለልጄ ማስረዳት አልቻልኩም።

ጋሼ ማረፋቸውን ሰምቼ ለልቅሶ ስሄድ መንገዱን እንደ አዲስ አየሁት። ከከተማ ሲወጣ ገፈርሳ ይቀበልሃል፤ አዲስ አበባን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲያጠጣ የኖረ ግድብ፤ ከአጥሩ ጋር ካፖርት የደረበ ዘበኛ ቆሟል። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን አልፈህ ጊንጪ ስትደርስ ጭሊሞ ደን ከነጠባቂው ይታያል፤ የአዋሽ ውሃ የሚነሳው በዚያ አካባቢ ነው። ሺህ ጊዜ በዚህ መንገድ ሄጃለሁ፤ ዘበኛውንም የደኑን ጠባቂም አይቼ አላውቅም ነበር። አምቦ ስገባ ደግሞ፣ ለቅሶው ቤት ድንኳን ውስጥ፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የእንግዳ ውሃ የሚቀዳበትን በርሜል ክዳን ከፍታ አይታ፣ ውሃ አጋር የተባለውን ፈሳሽ ክሎሪን ለክታ ጨምራ ስታማስል አገኘኋት። ማንም አላዘዛትም። የጋሼ ባለቤት እትዬ አይተው «ይኸው፣ ልጃቸው» አሉ። የሥጋ ልጃቸው አልነበረችም።

በሦስተኛው ቀን ልሰናበት ስል እትዬ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ጨርቁን አወቅሁት፤ የቱቦው ጨርቅ ነው። ቱቦው ሳይሆን ደብተር ነበር፣ ጠርዙ በእርጥበት የተበላ፣ በእርሳስ የተጻፈ። ቀንና ቁጥር፣ ቀንና ቁጥር፤ 0.3፣ 0.4፣ 0.3። መኪናው እስኪሞላ አውቶቡስ ተራው ላይ ተቀምጬ ገለበጥኩት፤ የምፈልገውን ገጽ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም።

«ጳጉሜ 4። ደፍራሽ። ዘጋሁ።

ጳጉሜ 5። ደፍራሽ። ክፈት ተባልኩ። አልፈረመም።

መስከረም 1 ቀን 1971። ደፍራሽ። ዳቦ መጣልኝ፤ አበባም።

መስከረም 2። ደፍራሽ።

መስከረም 3። ሦስተኛው ብርጭቆ እየጠራ ነው።

መስከረም 4። ጠራ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከፈትኩ። ቦኖው ላይ 0.4።»